ኦይል ሲሉን ሁለቴ ቀይሬ በሦስተኛው ነቃሁ

ስለ አሮጌ ላንድክሩዘር በውስጥ መስመር ለምትጠይቁኝ፣ ዛሬ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። መኪናዬ ኤፍ ጄ 40 ናት፤ ምርቷ እ.ኤ.አ. በ1984 የቆመው፣ ቤንዚን እንደ ውኃ የምትጠጣዋ።

የኋላ ግራ ጎማዋ በውስጥ በኩል ረጥቦ አገኘሁት። የፍሬን ዘይት መስሎኝ ነበር፤ በጣቴ ነክቼ ሳሸተው ወፍራም ነው፣ ድኝ ድኝ ይላል። የዲፈረንሻል ዘይት ነው! ጎማውን የሚያዞረውን ዘንግ፣ ሴሚያሱን፣ ተከትሎ ታምቡሩ ውስጥ ገብቷል። ዘይት የጠጣ የፍሬን ሸራ ደግሞ አያስተማምንም። በቤንዚን አጥበህ መልሰው የሚሉ አሉ፤ አትስሟቸው፣ ሲሞቅ የጠጣውን ይተፋል። በሁለቱም ጎን ይቀየር።

ሶማሌ ተራ ወርጄ ዘይቱን በሴሚያሱ ዙሪያ የሚያግደውን ቀለበት፣ ሲሉን፣ ገዛሁ። የዚህች መኪና ሴሚያስ ከውጭ ተፈትቶ አይወጣም፤ ዲፈረንሻሉ ውስጥ የፈረስ ኮቴ ብረት በምትመስል መያዣ ተቆልፏል። ዘይቱን አፍስሶ፣ የኋላውን ክዳን ከፍቶ፣ የመሀሉን ፒን መንቀል ነው። ከዚያ ሴሚያሱን ወደ ውስጥ ገፋ ሲያደርጉት መያዣዋ ትለቃለች። ፒኑ ከወጣ በኋላ ግን ሴሚያሱን እንዳታዞሩ፤ ትንንሾቹ ጥርሶች ከቦታቸው ይሸሻሉ። እኔ አዙሬ ግማሽ ቀን ተቃጥያለሁ።

አዲሱ ሲል ስፕሪንጉ ወደ ዘይቱ ዞሮ፣ ከንፈሩ ግሪስ ተቀብቶ፣ በጠፍጣፋ እንጨት ዙሪያውን እኩል መታ መታ ተደርጎ ይገባል። ሴሚያሱን ስትመልሱ ከሥር ደግፉት፤ ጥርሱ ከንፈሩን ከቆረጠው ልፋታችሁ ከንቱ ነው።

ይህን ሁሉ አደረግሁ። በሳምንቱ አንጠባጠበ። ሻጩን በሆዴ ረግሜ ሌላ ገዛሁ፤ እሱም አንጠባጠበ።

ሦስተኛው ላይ ነው አክስሉ ላይ ያለችውን የአየር መተንፈሻ ያየኋት። በጭቃ ድፍን ብላለች። ዲፈረንሻሉ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይለጠጣል፤ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በሲሉ በኩል ገፍቶ ያስወጣዋል። ምስኪኑን ሻጭ በከንቱ አማሁት። በዚያ ላይ ሴሚያሱን በጥፍሬ ብዳብሰው የድሮው ሲል የተቀመጠበት ቦታ ቦይ አውጥቷል። ስለዚህ አዲሱን ከቀድሞው ቦታ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ፈቀቅ አድርጌ አስገባሁት፤ ከንፈሩ ያልተበላ ብረት ላይ አረፈ። ዘይቱ ጂኤል 5፣ 90 ቁጥር ነው፤ ሜዳ ላይ ቆማ እስከ መሙያው ቀዳዳ ከንፈር ድረስ ብቻ።

ሲል ልትገዙ ከመውጣታችሁ በፊት መኪናው ሥር ግቡና መተንፈሻዋን ፈትታችሁ እጠቧት።