አቀንጭራ ከሥር ነው የሚይዘው

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል የራያ ቆላ ማሽላ ከሰው ቁመት ይበልጣል። በዚህ መንገድ ላይ ካሉት ትንንሽ ከተሞች አንዷ ጎብዬ ናት። ማሽላ እዚህ የቤቱ ሁሉ ነገር ነው። እንጀራውም ቂጣውም ከእሱ ነው፤ አገዳው ደግሞ ለከብቱ መኖ፣ ለምድጃው ማገዶ ይሆናል። ገበሬው ከአረም ሁሉ አብልጦ የሚፈራው ማሽላውን የሚያመነምነውን ነው፤ ስሙንም ከሥራው አውጥቶለታል፦ አቀንጭራ።

አቀንጭራ ደስ የሚል ወይን ጠጅ አበባ አለው። አበባው ሲታይ ግን ነገሩ አልፏል። ዘሩ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ይቆይና የማሽላው ሥር ሲቀርበው ይነቃል። ከሥሩ ጋር ይጣበቅና ውኃውንም ምግቡንም ይመጠምጠዋል። ገበሬው አረሙን በዓይኑ ከማየቱ ሳምንታት አስቀድሞ ማሽላው ከመሬት በታች ተጎድቷል። ያኔ ቢነቅሉት የዘንድሮውን ምርት አይመልስም፤ ቢጠቅም ለከርሞ ነው።

አማርኛ ይህንን ቃል ለልጅም ሰጥቶታል። ከእናቱ ማሕፀን ጀምሮ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ባለው ጊዜ፣ ማለትም በመጀመሪያዎቹ 1,000 ቀናት፣ በቂና የተመጣጠነ ምግብ ያላገኘ፣ በሽታ የደጋገመው ልጅ ቁመቱ ለዕድሜው ያጥራል፤ አእምሮውም የሚገባውን ያህል አያድግም። ይህን የጤና ባለሙያዎቻችን «መቀንጨር» ይሉታል። አረሙና የልጁ ጉዳት ከአንድ ግንድ የወጡ ቃላት ናቸው፤ ጠባያቸውም አንድ ነው። ሁለቱም ከሥር ይጀምራሉ፤ በዓይን ሲታዩ ጉዳቱ ደርሷል።

የጎብዬን ስም በዓለም የምርምር መድረክ ያስጠራው ከሁለቱ አንዱ፣ አረሙ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም አቀንጭራን የሚቋቋሙ ሁለት የማሽላ ዝርያዎች በኢትዮጵያ ተለቀቁ። አንዱ «ጎብዬ»፣ ሌላው «አብሽር» ተባለ። መነሻቸው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የመሩት ምርምር ነው። እኚህ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበሉት በማሽላ ላይ ባደረጉት በዚህ ሥራ ነው። ምርምሩ ያገኘው ምስጢር ሲነገር ቀላል ይመስላል። የማሽላ ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር የተኛውን የአቀንጭራ ዘር ይቀሰቅሰዋል፤ አዲሶቹ ዝርያዎች ግን ይህን ቀስቃሽ እጅግ በጥቂቱ ነው የሚያወጡት። አረሙ ሳይነቃ ማሽላው ያድጋል።

ይህን ያነሣሁት የሳይንቲስቶች ምርምር ገበሬው ማሳ ድረስ ሊወርድ እንደሚችል ስለሚያሳይ ነው። የተገኘው ምስጢር በቤተ ሙከራ ተፈተነ፤ በምርምር ማዕከል ተባዛ፤ በመጨረሻም ዘር ሆኖ በቁና ተሰፈረ። ስለ ሕፃናት አያያዝና ትምህርትም ባለሙያዎችና ሚኒስትሮች ከ70 ዓመታት በላይ በዓለም ዙሪያ ሲሰባሰቡ ኖረዋል። ከዚያ ሁሉ ጉባኤ በቁና የሚሰፈር ምን ነገር ጎብዬ ደረሰ?

ነገሩ የጀመረው በጦርነት ማግስት ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍርስራሽ የወጡ የሕፃናት ትምህርት ባለሙያዎች ፕራግ ላይ ተሰብስበው ኦሜፕ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ድርጅት መሠረቱ። የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ስዊድናዊቷ አልቫ ሚርዳል ነበሩ፤ ኋላ የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበሉት እኚሁ ሴት ናቸው። ጦርነት ያየ ሕፃን ምግብ ብቻ ሳይሆን ጨዋታም፣ የሚያናግረውና የሚሰማው ሰውም ያስፈልገዋል የሚል እምነት ይዘው ነበር የተነሡት። ቆቦንና አካባቢዋን ለሚያውቅ ሰው ይህ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም።

ከ13 ዓመት በኋላ ተራው የአዲስ አበባ ሆነ። በግንቦት 1953 ዓ.ም ዩኔስኮና የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የአፍሪካን አገሮች ስለ ትምህርት ልማት ለመምከር ጠሩ። ጉባኤው በ1980 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ልጅ ሁሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በነፃና በግዴታ እንዲማር ግብ አስቀመጠ። ትልቅ ሕልም ነበር፤ ሕልሙ ግን የሚጀምረው ከአንደኛ ክፍል ደጃፍ ነው። ልጁ ወደዚያ ደጃፍ እስኪደርስ ስላሉት ስድስት ሰባት ዓመታት የተቆረጠ ግብ አልነበረም። ያን ዘመን በወሎ ገጠር ሕፃናቱን የሚሰበስቧቸው ፊደል ገበታ የያዙት የኔታና በቁርአን ቤት ያሉት ሼህ ነበሩ። ማንም ጉባኤ አልላካቸውም። ኅብረተሰቡ ካመረተው እህል እያካፈለ ያኖራቸው ነበር። ስለ ቀዳማይ ልጅነት በሚጻፉ ሰነዶች ውስጥ እነዚህ ሰዎች ከአንድ አንቀጽ የማያልፍ ቦታ ማግኘታቸው ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። በዚህ አገር ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጅ መምህር ቀጥሮ፣ ቀለቡን ችሎ ያኖረ ሥርዓት ከእነሱ በፊት አልነበረንም።

ቀጥሎ የዓለም ዓይን በራያ ልጆች ላይ ያረፈበት ጊዜ መጣ፤ የመጣው ግን በረሃብ ነው። በጥቅምት 1977 ዓ.ም ከአላማጣ በላይ፣ የግራት ካሕሱን ጠመዝማዛ ወጥቶ ካለችው ከኮረም የተላከው የቴሌቪዥን ምስል ዓለምን አስለቀሰ። ያ ሁሉ እንባ እህልና መድኃኒት አመጣ። ከሞት የተረፈው ሕፃን ግን እንዴት ያድጋል የሚለው ጥያቄ ከመጠለያው ጋር አብሮ ተነቀለ።

በ1990 እ.ኤ.አ. መጋቢት ታይላንድ ጆምቲየን ላይ የተደረገው «ትምህርት ለሁሉም» ጉባኤ አንድ ነገር ቆረጠ፤ መማር የሚጀምረው ከውልደት ነው ብሎ በሰነዱ አሰፈረ። ያን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 1982 ነበር፤ ወሎም የጦር ሜዳ ነበረች። በ2000 እ.ኤ.አ. ዳካር ላይ ከስድስቱ ግቦች የመጀመሪያው የሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት ሆነ። አፍሪካውያን ባለሙያዎችም በራሳቸው መድረክ ካምፓላ፣ አስመራ፣ አክራና ዳካር ላይ እየተገናኙ መክረዋል። የእነዚህን ጉባኤዎች ዝርዝር መግለጫ እዚህ መደርደር አያስፈልግም፤ ቃላቸው ተመሳሳይ ነው፣ ቃሉም ትክክል ነው።

ወደ እኛ መሬት የወረደው በ2002 ዓ.ም ነው። የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በአንድነት የቀዳማይ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። በዚያው ሰሞን፣ መስከረም 2003 ዓ.ም፣ ዩኔስኮ የመጀመሪያውን የዓለም የቀዳማይ ልጅነት ጉባኤ ሞስኮ ላይ ጠራ። ከዚያ በኋላ ያየነው ለውጥ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በ2003 ዓ.ም ቅድመ አንደኛ ትምህርት የሚያገኙት ሕፃናት ጥቅል ተሳትፎ ከመቶ 5 ገደማ ብቻ ነበር፤ እነሱም ባመዛኙ ከፍሎ ማስተማር የሚችል የከተማ ወላጅ ልጆች ናቸው። በ2011 ዓ.ም ቁጥሩ ወደ 40 ተጠግቷል። ይህን ያህል ያሳደገው በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ ግቢ የተከፈተው «ኦ» ክፍል ነው፤ ሕዝቡ ዜሮ ክፍል የሚለው። ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለ አንድ ዓመት ማለት ነው። ብዙ የገጠር ልጅ በስድስት ዓመቱ በመንግሥት መዝገብ ላይ ስሙ ተጻፈ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ክፍሉን መመልከት ይገባል። የ«ኦ» ክፍል ብዙውን ጊዜ ከትምህርት ቤቱ የተረፈው ክፍል ነው። ወለሉ አፈር፣ መቀመጫው ለትልልቅ ልጆች የተሠራ ዴስክ፣ ልጆቹ ደግሞ እግራቸው መሬት የማይነካ። መጫወቻ ካለም እናቶች ከጨርቅ፣ ከጭቃና ከቆርኪ የሠሩት ነው፤ ይህ በራሱ ክፉ አይደለም፣ እንዲያውም ባለሙያዎቹ በየጉባኤው የሚመክሩት ነው። ክፍሉን ክፍል የምታደርገው ግን አንዲት ሰው ናት። «አመቻች» ይሏታል። መምህርት አይሏትም፤ ስሙ ራሱ ነገሩን ይናገራል። በብዙ ቦታ ትምህርቷን ካጠናቀቀች በኋላ በአካባቢዋ የቀረች ወጣት ናት። ሥልጠናዋ የጥቂት ቀናት፣ ክፍያዋም ወላጆች የሚያዋጡት ወይም ትምህርት ቤቱ ከውስጥ ገቢው የሚቆርጥላት ነው። ዝናቡ ከቀረ መዋጮው ይቀራል፤ መዋጮው ሲቀር እሷም ወደ ከተማ ትሄዳለች። ራያ ቆላ ዝናብ የሚቀርበት አገር ነው። በ2013 ዓ.ም መግቢያ ላይ ደግሞ የበረሃ አንበጣ የደረሰ ማሽላ በልቶ ሄዷል።

ሦስት ሚኒስቴሮች የፈረሙት ማዕቀፍ ወረዳ ሲደርስ የሚያጋጥመው ችግር ይህ ነው። በጀት ሲደለደል ለአንደኛ ክፍል የሚሟገት አለ፤ ለጤና ጣቢያ የሚሟገት አለ። ለዜሮ ክፍል አመቻች የሚሟገት ወንበር የለም።

በጤናው በኩል የተሻለ ነገር አይቻለሁ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም አዲስ አበባ የዓለምን የልማት ፋይናንስ ጉባኤ ባስተናገደች ጊዜ መንግሥት «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ያለውን ይፋ አደረገ፤ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ለማጥፋት። ሰቆጣ ከራያ ቆላ በስተምዕራብ፣ በዋግ ኽምራ ደጋ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሥራው ከተከዜ ተፋሰስ ወረዳዎች ሲጀምር ጤናውን፣ እርሻውን፣ ውኃውንና ትምህርቱን በአንድ ዕቅድ ለማሰር ሞክሯል፤ የራሱም በጀት ተይዞለታል። በረሃብ ትታወቅ የነበረች ከተማ ስሟን ለቃል ኪዳን ሰጥታለች። ለዜሮ ክፍሉ ያጣነው ይህንኑ ዓይነት ባለቤትነት ነው።

በኅዳር 2015 ዓ.ም ሁለተኛው የዓለም የቀዳማይ ልጅነት ጉባኤ በኡዝቤኪስታን ዋና ከተማ ታሽከንት ተደረገ። ቀኑን ልብ በሉ፤ ከኅዳር 5 እስከ 7 ነው። ጉባኤው ሲከፈት የሰሜኑን ጦርነት ያቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላም ነበር። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም ዳግም የፈነዳው ጦርነት የጀመረው በቆቦ ዙሪያ ነው፤ የራያ ሕፃናትም ያን ወር ያሳለፉት በሽሽት ነው። ታሽከንት ላይ የተሰበሰቡት አገሮች ከቀድሞዎቹ ጉባኤዎች ሁሉ የጠጠረ ቃል ገቡ። ቢያንስ አንድ ዓመት ነፃና ግዴታ የሆነ ቅድመ አንደኛ ትምህርት፣ ከትምህርት በጀት ቢያንስ ከመቶ 10 እጁ ለዚሁ፣ የሕፃናት አስተማሪዎች ደመወዝና የሥራ ሁኔታም ከአንደኛ ደረጃ መምህራን እንዳያንስ። ሦስተኛውን ደግሜ አነበብኩት። በቁና ሊሰፈር የሚችለው ዘር እሱ ነው።

በራያ ቆላ ሰው ሲጣላ፣ ደም ሲፈስ እንኳ፣ ዘወልድ የሚባሉት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ያስታርቃሉ። በእንዲህ ያለ ሸንጎ ቃል የገባ ሰው ዋስ ይጠራል። ዋስ የሌለው ቃል እንደ ቃል አይቆጠርም፤ ቃሉን ያፈረሰውን የሚጠይቀው ሩቅ ያለ ፍርድ ቤት ሳይሆን አጠገቡ ያለው ዋሱ ነውና። የዓለም ጉባኤዎች የጎደላቸው ይህ ነው እላለሁ። ሚኒስትሩ ይፈርማል፣ ሰነዱ ይታተማል፣ ዋስ ግን አልተጠራም። ለታሽከንቱ ቃል ዋስ ሊሆኑ የሚችሉት የክልሉ ትምህርት ቢሮ፣ የሰሜን ወሎ ዞንና የራያ ቆቦ ወረዳ ምክር ቤት ናቸው፤ በጀት የሚያጸድቁት እነሱ ናቸውና።

ጊዜው አመቺ አይደለም የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ከትምህርት ገበታ ውጭ የሆኑት ልጆች ቁጥር ከ4 ሚሊዮን በላይ መሆኑ ተነግሯል። በእንዲህ ያለ ቀን ስለ ዜሮ ክፍል መናገር ቅንጦት ይመስላል። እኔ ግን ፕራግን አስባለሁ። እነዚያ ባለሙያዎች ብዙ የአውሮፓ ከተሞች ገና ፍርስራሽ ሳሉ ነው የተሰበሰቡት። በጦርነት ወቅት የአራት ዓመት ልጅ ዕድገቱን አቁሞ ሰላምን አይጠብቅም፤ 1,000ው ቀን ይቆጠራል፣ ከዚያም አራተኛው፣ አምስተኛው ዓመት ያልፋል።

የራያ እናቶች ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ታላቅ እህት ታናሿን አዝላ ስትላላክ፣ አያት እሹሩሩ ስትል፣ በነሐሴ የሶለል ጨዋታ ትንንሾቹ ከትልልቆቹ ኋላ ኋላ እየተከተሉ ሲዘፍኑ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ «ተንከባካቢ አስተዳደግ» ብለው ካሰፈሩት ውስጥ ግማሹ እዚያ አለ። ቀሪው ግማሽ ግን፣ ሠልጥና ደመወዝ የሚከፈላት አስተማሪ፣ ከእናቶች መዋጮ የሚጠበቅ አይደለም።

ስለዚህ ለክልሉ ትምህርት ቢሮና ለወረዳው ምክር ቤት የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። ከመጪው የበጀት ዓመት ጀምሮ የዜሮ ክፍል አመቻች «መምህርት» ትባል፤ በመንግሥት የደመወዝ መደብ ትያዝ፤ ደመወዟም ከአንደኛ ክፍል መምህር አይነስ። ትምህርት ሚኒስቴር ደግሞ ወደ ሦስተኛው የዓለም ጉባኤ ልዑካን ሲልክ ከመካከላቸው አንዷ ከጎብዬ ወይም እንደ ጎብዬ ካለች ከተማ የምትሄድ የዜሮ ክፍል መምህርት ትሁን፤ ደመወዟ በየወሩ መከፈሉን ለጉባኤው ራሷ ትንገረው።