ስለ ማዳበሪያና ስለ ጣና ውኃ

ገበሬ ለመሬቱ ምግብ መስጠት እንደሚገባው የሚክድ የለም። አባቶቻችንም ፍግና ዐመድ እየበተኑ፣ የደከመውንም ማሳ ጦም እያሳደሩ ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል። አሁን ግን ሕዝቡ በዝቶ መሬቱም ስለ ጠበበ የፋብሪካው ማዳበሪያ የግድ ሆኗልና፣ ይህን የምንጽፈው ማዳበሪያን ለመንቀፍ አይደለም። ነገራችን ከማሳው አምልጦ ስለሚሄደው ነው።

በአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። በዓለም ዙሪያ ሲመዘን ግን በእርሻ ላይ ከሚበተነው ናይትሮጅን ሰብሉ የሚወስደው ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው፤ ከቀረው ከፊሉ ወደ አየር ይበናል፣ ከፊሉም በዝናም ሟሙቶ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ ይወርዳል። ፎስፎር የተባለው ሁለተኛው ምግብ ደግሞ ከአፈር ጋራ ተጣብቆ የሚኖር ስለ ሆነ፣ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ በወሰደ ጊዜ አብሮ ይሄዳል። ገበሬው ተበድሮ የገዛው ነገር በክረምት ደፍራሽ ጎርፍ ሆኖ በፊቱ ሲያልፍ ያየዋል፤ ነገር ግን የሚያልፈው ገንዘቡ መሆኑን የነገረው የለም።

ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይህን ሁሉ ተሸክመው ወደ ጣና ይገባሉ። ለሰብል ምግብ የሆነው ለውኃ አረምም ምግብ ነውና፣ ከደቡብ አሜሪካ የፈለሰው እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ላይ ከታየ ወዲህ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ተንሰራፋ። ይህ አረም ምግብና ሙቀት ባገኘ ጊዜ በሁለት ሳምንት እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ይቈያል። የአካባቢው ሰዎች እስከ ደረታቸው እየገቡ በእጃቸው ነቀሉት፣ የሚያጭድ መኪናም መጣለት፤ እርሱ ግን ተመልሶ በቀለ። የሚመግበው ሳይቋረጥ እንዴት አይበቅል?

የውኃ ልምላሜ ከምን እንደሚነሣ በካናዳ አገር በግልጽ ታይቷል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1973 ሊቃውንት አንድን ትንሽ ሐይቅ በመጋረጃ ለሁለት ከፍለው በሁለቱም ወገን ናይትሮጅንና ካርቦን ጨመሩ፤ ፎስፎርን ግን ባንደኛው ወገን ብቻ። ፎስፎር የገባበት ወገን አልጌ በሚባለው የውኃ ልምላሜ አረንጓዴ ሆነ።

እርግጥ ነው፣ ወደ ጣና የሚገባው የከተማ ፍሳሽም ድርሻ አለውና ሁሉን በገበሬው ላይ መጫን ግፍ ይሆናል። ይልቁንም ጥፋቱ የእኛ የቢሮ ሰዎች ነው። ስንት ኩንታል እንደ ተከፋፈለ ስንቈጥር፣ ስንቱ በማሳው እንደ ቀረ መጠየቅን ዘነጋን። ዩሪያውን በአንድ ጊዜ ከመበተን ከፊሉን በዘር ጊዜ፣ ከፊሉን ሰብሉ ሥር ከሰደደ በኋላ መስጠት፤ በተዳፋቱ እርከን መሥራት፤ በወንዝ ዳር ጥቂት ክንድ ሣር ሳይታረስ መተው፤ ከጣና ዳር ያለውንም ደንገል አለመመንጠር፣ እርሱ ለታንኳ ብቻ ሳይሆን ደለሉን አጣርቶ ለማስቀረት ይጠቅማልና። ይህ ሁሉ ከውጭ አገር የሚገዛ ዕቃ አይጠይቅም።

ካህናትም ለዚህ ትምህርት ማስረጃው በደጃቸው አለላቸው። በሰኔ ዝናም ከቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ከደኑ ሥር የሚወጣውን ውኃ በአንድ ብርሌ፣ ከአጥሩ ውጭ ካለው እርሻ የሚወርደውን በሌላ ብርሌ ቀድተው ለምእመናን ቢያሳዩ፣ ልዩነቱን ሕፃን ያውቀዋል።