በመንፈስ መመላለስ በማዕድ አገልግሎት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ አባቶች ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት፤ ወንዶች በ40፣ ሴቶች በ80 ቀናቸው ሲጠመቁ ካህኑ 36 የሰውነት ክፍሎቻቸውን ቅብዐ ሜሮን ይቀባል። በዚህም የመንፈስ ቅዱስ ማኅተም ያርፍባቸዋል። ሥርዓቱ መንፈስ ቅዱስ የሚመራን በቅዳሴ ሰዓት ብቻ እንዳልሆነ ያስተምረናል፤ ዓይናችን የሚያየው፣ እጃችን የሚሰፍረው፣ እግራችን የሚሄድበት ሁሉ የእርሱ ነው።

ይህ ከኮሚቴ ሥራ ጋር ምን ያገናኘዋል? የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ይመልስልናል። በኢየሩሳሌም ግሪክኛ ተናጋሪ የሆኑት ምእመናን መበለቶቻቸው በየዕለቱ ምግብ እደላ ስለ ተዘነጉ ቅሬታ አሰሙ። ሐዋርያት ቅሬታውን እንደ ሐሜት አልቈጠሩትም፤ ሕዝቡን ሰብስበው ሰባት አገልጋዮች እንዲመረጡ አደረጉ። መስፈርቱም በጎ ምስክርነት፣ ጥበብና በመንፈስ ቅዱስ መሞላት ነበር። ቀዳሜ ሰማዕት ቅዱስ እስጢፋኖስ በመጀመሪያ የተሾመው ለዚህ የማዕድ አገልግሎት ነው። እንግዲህ እህል ማከፋፈል መንፈሳዊነታችን የሚፈተንበት ሥራ ነው።

በሰላ ድንጋይና በዙሪያዋ ባለው ደጋ ገብስና ባቄላ በውርጭ ሲመታ ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ረዳት የሌለው ነው። እኔም ከዚህ ቀደም በአንድ አጥቢያ የዘር እህል የሚሰጣቸውን ሰዎች ዝርዝር በችኮላ ተቀብዬ ፈረምሁ። የአንዲት መበለት ስም እንደ ተዘለለ ያወቅሁት ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ቆመው ሲያለቅሱ ባየሁ ጊዜ ነው። ክፉ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን በስብሰባው ስለ እርሳቸው የተናገረ አልተገኘም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ዝርዝሩ በምእመናን ፊት እንደገና ሲነበብ የሌሎች ሁለት አረጋውያን ስምም ተጨመረ። የእያንዳንዱ ድርሻ ቢቀንስም ያጉረመረመ አልነበረም።

ቅዱስ ጳውሎስ በገላትያ መልእክቱ ምዕራፍ 5 የዘረዘራቸው የመንፈስ ፍሬዎች በኮሚቴ ሥራም ይታያሉ። ትዕግሥት የድኻውን አቤቱታ እስከ መጨረሻው መስማት ነው። ራስን መግዛት የዘመድ ስም ሲነሣ ከውሳኔው መውጣት ነው። ታማኝነት የመጋዘኑን ቁልፍና መዝገብ በግልጽ መያዝ ነው። በጎነት ከመፈረም በፊት «የሚናገርለት ያጣ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

እነዚህ ፍሬዎች በመመሪያ ብቻ አይበቅሉም፤ ሥራቸው ጸሎት፣ ጾም፣ ንስሐና ቅዱስ ቁርባን ነው። ስለዚህ ስብሰባችንን በጸሎት መክፈታችን ልማድ ብቻ አይሁንብን። በውሳኔያችን የበደልነው ቢኖር ለንስሐ አባታችን እንናገር፤ የተጎዳውንም እንካስ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።