የቤትን ሙቀትና ብርድ ማስተዳደር ስለሚማር መኪና

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በማንኩሳ፥ በቀድሞው ልማድ ከተሠራ የሣር ክዳን ቤት የገባ ሰው፥ ውጪው በቀትር ሲያቃጥል ውስጡ ቀዝቀዝ ማለቱን፥ ሌሊትም ብርዱ እንደ ልቡ አለመግባቱን ያስተውላል። በጭድ የተቦካው የግድግዳ ጭቃ ወፍራም ነውና ሙቀትን ቀስ ብሎ ይቀበላል፤ ቀስ ብሎም ይመልሳል። ሣሩም በውስጡ አየር ስለሚይዝ የፀሓይን ትኵሳት ይከለክላል። የቤቱ እመቤትም በሩን መቼ መክፈት፥ መቼ መዝጋት፥ እሳቱንም መቼ መዳፈን እንደሚገባት ማንም ሳይጽፍላት ታውቃለች። የሐምሌ ዝናብና የመጋቢት ሐሩር አንድ ዓይነት አያያዝ እንደማይፈልጉ የተማረችው ቤቷን ዓመት ከዓመት እያየች ነው።

ዛሬ ልናወሳው የወደድነው ነገር፥ ይህን የእመቤቲቱን ዕውቀት መኪና ይማረውና ትልልቅ ሕንፃዎችን ያስተዳድርበት ዘንድ የተደረገውን ሙከራ ነው። ጥበቡም ማሽን ለርኒንግ ይባላል።

አስቀድሞ የማቀዝቀዣውን ታሪክ ማስታወስ ይገባል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1902 ዓ.ም. ዊሊስ ካሪየር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ፥ በብሩክሊን ለሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት የአየሩን እርጥበት የሚገዛ መሣሪያ አዘጋጀ። ወረቀቱ በእርጥበት ይሰፋ፥ በድርቀት ይጠብ ነበርና፥ ቀለም በቀለም ላይ ሲታተም ሥዕሉ ከቦታው ይናወጥ ነበር። እንግዲህ ይህ የዛሬው ኤር ኮንዲሽነር መጀመሪያ የተሠራው ለሰው ምቾት ሳይሆን ለወረቀት ደኅንነት መሆኑን፥ መጻሕፍት የሚጠብቁ ካህናት ልብ እንዲሉልን እንወዳለን፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለውን መሣሪያ የሚያዘው ቴርሞስታት ነው። ሥራው እንደ ዘበኛ ነው፤ ሙቀቱ ከተወሰነው ቍጥር ሲያልፍ ማቀዝቀዣውን ያስነሣል፤ ሲመለስ ያቆማል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ፀሓይ በየትኛው መስኮት እንደምትገባ፥ አዳራሹም በሰው እንደሚሞላ አያስብም። የሚማረው መኪና ግን የውጪውን አየር፥ የውሃውን ሙቀት፥ የፓምፑን ፍጥነትና የተቈጠረውን ኤሌክትሪክ ከብዙ ጊዜ መዝገብ እያመሳከረ፥ ይህ ትእዛዝ ቢሰጥ ይህ ይከተላል ብሎ መገመትን ይለምዳል፤ ከዚያም ከብዙ ትእዛዛት መካከል ጥቂት ኀይል የሚያስወጣውን ይመርጣል።

የጉግል ኩባንያ ዲፕማይንድ ከተባለው ክፍሉ ጋር ሆኖ፥ በ2016 እ.ኤ.አ. ኮምፒዩተሮቹ የሚቀመጡባቸውን አዳራሾች ለማቀዝቀዝ የሚወጣው ኤሌክትሪክ በዚህ ጥበብ እስከ 40 በመቶ መቀነሱን ገለጸ። ያን ጊዜ መኪናው ምክር ሰጪ ነበረ፤ የሚፈጽመው ሰው ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ግን ራሱ እንዲያዝ ተፈቀደለት። በየ5 ደቂቃው ከብዙ ሺሕ መለኪያዎች ዜና ይቀበላል፤ ትእዛዙም ከመፈጸሙ በፊት ከተከለለው ወሰን አለመውጣቱ ይመረመራል፤ ጠባቂዎቹም በፈለጉ ሰዓት ሥልጣኑን ይወስዱበታል። ቍጠባው በመጀመሪያ 12 በመቶ ያህል ሲሆን፥ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ 30 በመቶ ደረሰ። በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣ ሌላ ጽሑፍ ግን፥ በሁለት የሌሎች ሰዎች ሕንፃዎች ላይ የተደረገው ፈተና 9 እና 13 በመቶ ብቻ አተረፈ። ይህን ሁለተኛውን ወሬ ሻጮች እምብዛም አያነሡትም፤ ሆኖም ለገዢ ከፊተኛው ይልቅ የሚጠቅመው እርሱ ነው።

መኪናው ያላየውን አያውቅም። መለኪያው በመስኮት አጠገብ ተሰቅሎ ቢሆን የሚማረው ስሕተት ነው፤ መብራት በጠፋበት ሰዓት መዝገቡ ቢቋረጥም ዕውቀቱ ጐዶሎ ይሆናል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፥ በአዲስ አበባ በአይሲቲ ፓርክ ውስጥ የኮምፒዩተር ማእከላት ተሠርተዋልና፥ ለዚህ ጥበብ ተገቢው ስፍራ በመጀመሪያ እንዲህ ያለው ነው። በድሬዳዋና በሰመራ ላሉ ሆስፒታሎችና የመድኀኒት መጋዘኖችም እንደዚሁ። 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለችው አዲስ አበባ ግን፥ ወይም ነፋሻማዎቹ የጐጃም ከተሞች፥ ቤቱ በሚገባ ከተሠራ ብዙ ማቀዝቀዣ አይሹም። የዚህ ጽሑፍ ጸሓፊ በአንድ ወቅት ጕዳይ ለማስፈጸም ከአንድ መሥሪያ ቤት ሄዶ፥ ምዕራባዊ ፊቱ በመስታወት በተሸፈነ ክፍል ውስጥ ከቀትር በኋላ ተቀምጦ ነበር። ሠራተኞቹ መጋረጃውን ጋርደው በጠራራ ፀሓይ መብራት አብርተው በወረቀት ያራግቡ ነበር፤ መስኮቱ እንዳይከፈት ሆኖ ተሠርቷልና። ጧት ጧት ደግሞ በዚያው ክፍል ማሞቂያ እንደሚያነድዱ ነገሩት። ለእንዲህ ያለ ቤት የሚማር መኪና መግዛት፥ ለሚያፈስ እንስራ ብልህ ውሃ ቀጂ መቅጠር ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ቢኖረውም፥ ኀይሉ ገና መብራት ላላገኘው ባላገር እንጂ የመስታወትን ስሕተት ለማረም የተዘጋጀ አይደለም።

አሁን ወደ መጻሕፍቱ። በብዙ አጥቢያ የሣሩ ክዳን በቈርቈሮ ተተክቷል። ቈርቈሮ ፍሳሽን ቢከለክልም፥ ቀን በፀሓይ ይግላል፤ ሌሊት ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፤ እርጥበቱም ከበታቹ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ብራና ደግሞ ቈዳ ነው፤ ሲደርቅ ይኰማተራል፥ ሲረጥብ ይሻግታል፤ ከሁሉ የሚጐዳው ግን በየቀኑ ከአንዱ ወደ ሌላው መመላለሱ ነው። የመጻሕፍት ጠባቂዎች የአየሩ እርጥበት ከ50 በመቶ ብዙ ሳይርቅ እንዲጸና ይመክራሉ። ለዚህ መኪና አያሻም፤ ከቈርቈሮው በታች የእንጨትና የጭቃ ኮርኒስ ማበጀት፥ ሣጥኑን ከውጪው ግድግዳና ከመሬት ማራቅ፥ በክረምት ጧት መስኮቱን ዘግቶ አየሩ ደረቅ ሲሆን መክፈት ይበቃል።

የመንግሥት ሹማምንትም ቢሆኑ፥ የሚማረውን መኪና ለመግዛት ውል ከመፈረማቸው በፊት፥ የሕንፃቸውን ሙቀት፥ እርጥበትና የኤሌክትሪክ ቈጣሪ የሚያሳይ የአንድ ዓመት መዝገብ እንዳላቸው ቢጠይቁ መልካም ነው። መኪናው የሚማረው ከዚያ መዝገብ ነውና። መዝገቡንም ዛሬ ለመጀመር አንድ አነስተኛ የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ፥ አንድ ደብተር፥ በየዕለቱም ጧት፥ ቀትርና ማታ ሦስት ጊዜ የሚጽፍ አንድ ታማኝ ሰው ይበቃል፤ በዕቃ ቤቱም እንዲሁ፥ ከአቃቤ ንዋዩ እጅ።