ሐሩር ሲበረታ ህዋስ ምን ያደርጋል?

በሊበን ሜዳ፣ በቦና ወራት ቀትር ላይ፣ ከብቱ ግራር ጥላ ሥር ተሰብስቦ ይቆማል። የላም የሰውነት ሙቀት በደህናው ጊዜ 38.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በደረቁ ወቅት ከብት ውሃ የሚያገኘው በየሦስት ቀኑ ሊሆን ስለሚችል፣ ከግጦሽ እስከ ኤላው (የውሃ ጉድጓዱ) ያለውን መንገድ በፀሐይ ተጉዛ የምትመለስ ላም ሙቀቷ ወደ 40 ሊጠጋ ይችላል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ይህ ጭማሪ ከቁጥር የሚገባ አይመስልም። ከቆዳዋ ሥር ባለው በእያንዳንዱ ህዋስ ውስጥ ግን ሥራው ሁሉ በደቂቃዎች ይለወጣል።

ምክንያቱ ፕሮቲን ነው። የህዋስን ሥራ አብዛኛውን የሚሠሩት ፕሮቲኖች ናቸው፤ ምግብን ወደ ኃይል ይለውጣሉ፣ ዲኤንኤን ይገለብጣሉ፣ ለህዋሱም ቅርጽ ይሰጡታል። አንድ ፕሮቲን ረጅም ሰንሰለት ሆኖ ይሠራና በራሱ ልክ ይታጠፋል፤ አገልግሎት የሚሰጠውም በትክክል ከታጠፈ ብቻ ነው። እጥፋቱን የያዙት ማሰሪያዎች ደካማ ስለሆኑ ሙቀት ያላላቸዋል። እንቁላል ሲቀቀል ነጩ የሚረጋው ፕሮቲኑ ተፈትቶ እርስ በርሱ ስለሚያያዝ ነው። የላሟ ሰውነት እዚያ ሙቀት ላይ አይደርስም። ሆኖም ገና በመታጠፍ ላይ ያሉትና በተፈጥሯቸው ስስ የሆኑት ፕሮቲኖች በትንሽ ጭማሪም ይፈታሉ፤ ተሸፍኖ መኖር ያለበት የውስጥ ክፍላቸው ይጋለጣል፤ እየተጣበቁም ህዋሱን ያውኩታል።

ህዋስ ለዚህ መልስ እንዳለው የታወቀው በአጋጣሚ ነው። ጣሊያናዊው ፌሩቾ ሪቶሳ የፍራፍሬ ዝንብ ሲያጠና፣ አንድ ባልደረባው የማሞቂያውን ሣጥን ሙቀት ከፍ አድርጎት ኖሯል። ሪቶሳ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ከዝንቡ እጭ የምራቅ ዕጢ በተወሰዱት ክሮሞዞሞች ላይ አዲስ እብጠቶች ታዩት፤ ዝም ብለው የነበሩ ዘረመሎች ሥራ ጀምረው ነበር። አንድ የታወቀ መጽሔት ጽሑፉን ጥቅሙ አልታየኝም ብሎ ቢመልስበትም እ.ኤ.አ. በ1962 በሌላ መጽሔት አሳተመው። ዘረመሎቹ የሚያስመርቷቸው ፕሮቲኖች በ1974 ተለዩ፤ የሙቀት ድንጋጤ ፕሮቲኖችም ተባሉ። ከባክቴሪያ እስከ ማሽላ፣ ከግመል እስከ ሰው፣ ሕይወት ያለው ሁሉ ማለት ይቻላል አሉት። ከባዮሎጂ ይህን ያህል የሚያስደንቀኝ ነገር ጥቂት ነው።

ከእነዚህ አንዱ ኤችኤስፒ70 ይባላል። የተፈታውን ፕሮቲን የተጋለጠ ክፍል እየያዘና እየለቀቀ፣ ለዚህም ኤቲፒ የተባለውን የህዋስ ነዳጅ እያቃጠለ፣ እንደገና እንዲታጠፍ ዕድል ይሰጠዋል። የማይድነው ተለይቶ ይፈጫል። ይበልጥ የሚገርመው ማንቂያው ነው። በሰላሙ ጊዜ ኤችኤስኤፍ1 የተባለ ሌላ ፕሮቲን እንደ ኤችኤስፒ70 ባሉት ጠባቂ ፕሮቲኖች ተይዞ ይቀመጣል። የተፈቱ ፕሮቲኖች ሲበዙ ጠባቂዎቹ እነሱን ሊይዙ ይሄዳሉ። ያን ጊዜ ኤችኤስኤፍ1 ይለቀቃል፣ ሦስት ሦስት እየሆነ ይጣመራል፣ ዲኤንኤው ላይ ተቀምጦም ተጨማሪ ጠባቂ እንዲመረት ያዛል። ጠባቂው ሲበቃ መልሶ ይይዘዋል። ህዋሱ የሙቀቱን ክፋት በአብዛኛው የሚያውቀው በደረሰበት ጉዳት መጠን ነው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ኃይል ይበላል። የቦረና አርብቶ አደር ጊዜው ሲከፋ መንጋውን ይከፍላል፤ የሚታለቡት «ዋራ» ሆነው ከቤት ይቀራሉ፣ ሌሎቹ «ፎራ» ሆነው ራቅ ወዳለ ግጦሽ ይነዳሉ። ህዋስም በጭንቅ ጊዜ የሚቀድመውን ይመርጣል፤ የዘወትር ፕሮቲኖችን ማምረት ይቀንሳል፣ መከፋፈሉንም ይገታል።

መከፋፈል ለህዋስ ከሁሉ የሚያሰጋው ሥራ ነው፤ ዲኤንኤውን በሙሉ ገልብጦ እኩል ማካፈል አለበት። ተራውን የሚጠብቁት ሳይክሊን የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ተመራማሪው ቲም ሀንት እ.ኤ.አ. በ1982 በባሕር ጃርት እንቁላል ውስጥ ሲጠራቀሙ ቆይተው እንቁላሉ ሲከፈል በድንገት ሲጠፉ አያቸው። ሳይክሊን ሲጠራቀም አጋሩ የሆነውን ኢንዛይም ያነቃል፤ ህዋሱም ወደ ቀጣዩ ደረጃ ያልፋል። ሀንት ከሊላንድ ሃርትዌልና ከፖል ነርስ ጋር በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ከሃርትዌል የተማርነው ህዋስ በየደረጃው ቆሞ ራሱን እንደሚፈትሽ ነው። ዲኤንኤ ሲጎዳ ፒ53 የሚባለው ፕሮቲን ተጠራቅሞ ፒ21 እንዲመረት ያደርጋል፤ ፒ21 የሳይክሊንን አጋር አንቆ ይይዘዋል፣ ክፍፍሉም ይቆማል። ጉዳቱ የማይጠገን ከሆነ ፒ53 ህዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያዛል። በሰው ላይ ከሚደርሱት ነቀርሳዎች ግማሽ በሚያህሉት የፒ53 ዘረመል ተበላሽቶ መገኘቱ የዚህን ፕሮቲን ዋጋ ያሳያል።

ነገሩ ወደ አርብቶ አደሩ ደጃፍ የሚደርሰው በፅንስ በኩል ነው። ላም ከተጠቃች በኋላ ፅንሱ ወደ ሁለት፣ ወደ አራት፣ ወደ ስምንት ህዋስ ይከፈላል። የራሱ ዘረመል በሙላት ሥራ የሚጀምረው ከ8 እስከ 16 ህዋስ ሲደርስ ስለሆነ፣ እስከዚያ በአብዛኛው የሚኖረው እናቱ በእንቁላሉ ውስጥ ባስቀመጠችለት ስንቅ ነው። ሙቀት ሲመጣ ራሱን የሚከላከልበት አቅም ገና ደካማ ነው። በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ እነ ፒተር ሃንሰን ባደረጉት ጥናት፣ በመጀመሪያው ቀን ሙቀት የበረታባቸው ላሞች ፅንስ ብዙው ሳያድግ ቀረ። በሦስተኛው፣ በአምስተኛውና በሰባተኛው ቀን የሞቃቸው ግን ያን ያህል አልተጎዱም።

እርግጥ በድርቅ ጊዜ ላም የማትፀንሰው በሙቀት ብቻ አይደለም። ስትከሳ አንጎሏ ወደ እንቁልጢዋ የሚልከው የሆርሞን ትእዛዝ ይዳከማል፤ ኮርማም አትፈልግም። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ በደቡብ ኢትዮጵያ ቆላ እጅግ ብዙ ከብት አለቀ። የተረፉትም ላሞች ለመፀነስ መጀመሪያ ሥጋቸውን መመለስ ነበረባቸው።

የሃንሰን ቡድን ሌላም ነገር አሳይቷል። ዜቡ ከሚባለው ሻኛማ የከብት ወገን የሆነው የብራህማን ዝርያ ፅንስ ላብራቶሪ ውስጥ በ41 ዲግሪ ሲቆይ የውጭ የወተት ዝርያ ከሆነው ከሆልስታይን ፅንስ በተሻለ ማደጉን ይቀጥላል። ሻኛማው የቦረና ከብትም ከዜቡ ይመደባል። የኬንያ አርቢዎች ከብቱን ወስደው በከብት እርባታ ጣቢያዎቻቸው አራብተውታል፤ አውስትራሊያም በፅንስ መልክ አስገብታዋለች። ስለዚህ በነገሌ ዙሪያ ወይም ወደ ፊልቱና ዶሎ በሚወርደው ቆላ ለወተት ተብሎ የውጭ ደም ያለ ልክ ይግባ ሲባል እቃወማለሁ። ወተቱ ይጨምር ይሆናል፤ ግን በብዙ ትውልድ የተገነባ የህዋስ ጥንካሬ አንዴ ከተበረዘ በቀላሉ አይመለስም።

አሁን በእጃችን ያለው ነገር የማዳቀያውን ጊዜ መምረጥ ነው። በሆርሞን ላሞችን በአንድ ጊዜ ኮርማ እንዲፈልጉ አድርጎ በሚካሄድ የማዳቀል ዘመቻ ቀኑን የሚወስነው ሰው ነው። በቆላ ወረዳዎች ዘመቻው በየካቲት ከሚሆን፣ «ገና» የሚባለው የመጋቢት ዝናብ ጥሎ ሣሩ ከተነሳ በኋላ፣ ግንቦት አካባቢ ቢሆን ላሟ ሥጋ ትይዛለች፣ አየሩም ይረግባል። የተዳቀለችውን ላም በዚያው ቀንና በማግስቱ ሩቅ መንገድ አለመንዳት፣ ውሃና ጥላ አጠገብ ማቆየት ይበጃል። ከሦስተኛው ቀን ወዲያ ከመንጋው ጋር ትውጣ።