በጋሎን ስንት ትሄዳለች? የአሜሪካ ፒክአፕ እና የነዳጅ ሂሳቡ

አገር ቤት መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው «በሊትር ስንት ትሄዳለች?» ብሎ ነው። ይህንኑ ጥያቄ ይዞ አሜሪካ ውስጥ መኪና መሸጫ የገባ ወገናችን መልሱን መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ያገኘዋል፤ ሊትሩ ጋሎን፣ ኪሎ ሜትሩ ማይል ሆኖ። አንድ ጋሎን 3.785 ሊትር፣ አንድ ማይል ደግሞ 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወረቀቱ አይዋሽም። ግን የሚናገረው ባዶውን ስለሚሄድ መኪና ነው፤ ፒክአፕ የተሠራው ደግሞ ለጭነት ነው።

የአሜሪካው ፒክአፕ እኛ ከምናውቀው ሃይሉክስ ይለያል። ሃይሉክስ በዚህ ስሙ እዚያ መሸጡ ከቀረ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከውጭ በሚገባ ቀላል የጭነት መኪና ላይ የተጣለው የ25 በመቶ ቀረጥም ትንንሾቹን ፒክአፖች ከገበያው አርቋቸዋል። መንገዱን የያዙት ትልልቆቹ ናቸው። ኤፍ-150ን የያዘው የፎርድ ኤፍ ቤተሰብ ከ1977 ጀምሮ በአገሩ ከሁሉ በላይ የሚሸጥ ፒክአፕ ነው። ሕጉም አግዟቸዋል። ከ1973ቱ የነዳጅ ማዕቀብ በኋላ በ1975 በወጣው የነዳጅ ቁጠባ ሕግ መሠረት ቀላል የጭነት መኪኖች ከቤት መኪኖች ተለይተው ላላ ያለ መስፈርት ወጥቶላቸዋል።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንግባ። ሞተሩ አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክርባቸውን ሦስት ፒክአፖች እንያዝ። የመጀመሪያው እስከ 2021 የተሠራው፣ 5.7 ሊትር ቪ8 ሞተር ያለው ቶዮታ ቱንድራ ነው፤ ከተማና አውራ ጎዳና ተደምሮ በጋሎን 14 ማይል ይሄዳል። ሁለተኛው 5 ሊትር ቪ8 ያለው የ2021 ኤፍ-150፣ 19 ማይል። ሦስተኛው የዚያው ዓመት ሃይብሪድ (በቤንዚንም በባትሪም የሚሄድ) ኤፍ-150፣ 24 ማይል። በእኛ አቆጣጠር በሊትር 6፣ 8 እና 10 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው።

ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ያለው ልዩነት እኩል 5 ማይል ስለሆነ የሚተርፈው ገንዘብም እኩል ይመስላል። አይደለም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለስሌቱ እንደሚያደርገው በዓመት 15,000 ማይል እንነዳለን፣ ለምሳሌ ያህል ደግሞ ጋሎኑ 3.50 ዶላር ነው እንበል። ቱንድራው 1,071 ጋሎን ይጠጣል፤ 3,750 ዶላር። ቪ8ቱ ኤፍ-150 ወደ 790 ጋሎን፤ 2,760 ዶላር ገደማ። ሃይብሪዱ 625 ጋሎን፤ 2,190 ዶላር ገደማ። የመጀመሪያው እርምጃ በዓመት ወደ 990 ዶላር ያተርፋል፣ ሁለተኛው ግን 575 ዶላር ብቻ። ሪቻርድ ላሪክ እና ጃክ ሶል የተባሉ ተመራማሪዎች በ2008 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያሳዩት ይህንኑ መታለል ነበር። ከ2013 ሞዴል ወዲህ በመስታወቱ ወረቀት ላይ «ለ100 ማይል ስንት ጋሎን» የሚል ቁጥርም ይገኛል። ትልቁ ቁጥር ዓይን ይስባል፤ ለኪስ የሚበጀው ግን ይኼኛው ነው።

ሃይብሪዱ ከተማ ውስጥም አውራ ጎዳና ላይም ያው 24 ማይል መሄዱ ብዙ ሰው ያስገርማል። ቪ8ቱ ግን ከተማ 16፣ አውራ ጎዳና 22 ነው። ተራ መኪና ፍሬን በተያዘ ቁጥር ጉልበቱን ወደ ሙቀት ለውጦ ይጥለዋል። ሃይብሪድ ከዚያ ከፊሉን ወደ ባትሪ ይመልሳል፤ መብራት ሲለቀቅም በዚያው ይነሳል። ስለዚህ ትርፉ ያለው ቆም ሄድ በሚባልበት ከተማ ነው። ረጅም መንገድ ብቻ ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ በጣም ይጠባል።

ረጅም መንገድ ላይ የፒክአፕ ዋና ባላጋራ ንፋስ ነው። ፊቱ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፣ ከመሬትም ከፍ ይላል። የንፋስ ግፊት ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግም፤ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። በሰዓት ከ60 ወደ 75 ማይል ሲወጣ ፍጥነቱ በሩብ ቢጨምር ግፊቱ ከግማሽ በላይ ይጨምራል። በዚህ ምክንያት የኋላውን ስፖንዳ ከፍተው የሚነዱ አሉ፤ ንፋሱ እንዲያልፍ ብለው። ድካሙ ከንቱ ነው። ስፖንዳው ሲዘጋ ጭነት ማስቀመጫው ውስጥ የሚሽከረከር አየር ይታቆርና የሚመጣው ንፋስ በላዩ ተንሸራቶ ያልፋል።

ክብደት ያን ያህል አይጎዳም። 45 ኪሎ ጭነት በተራ መኪና ላይ 1 በመቶ ገደማ ያስወጣል፤ በትልቅ ፒክአፕ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ከኋላ እንደ ቤት የቆመ ተጎታች ከተቀጠለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የጋሎኑ ማይል በግማሽ ሊወርድ ይችላል። ብርድም የራሱን ይወስዳል። በሚኒያፖሊስ ወይም በዴንቨር ክረምት፣ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ሲሆን፣ የቤንዚን መኪና ከተማ ውስጥ ከሞቃት ቀኑ 15 በመቶ ያህል ያነሰ ይሄዳል። ሞተሩ እንዲሞቅ ብሎ አስነስቶ ማቆየትም በሰዓት ከሩብ እስከ ግማሽ ጋሎን ያቃጥላል።

አንድ ነገር እናስታውስ። ከነጭነቱ የተፈቀደለት ክብደት ከ8,500 ፓውንድ፣ ማለትም ከ3,850 ኪሎ በላይ የሆነ ፒክአፕ ይህ የነዳጅ ወረቀት አይለጠፍበትም፤ ሕጉ አያስገድደውም። ኤፍ-250ን የመሰለ ከባድ ፒክአፕ የሚገዛ ሰው በጋሎን ስንት እንደሚሄድ የሚያውቀው ራሱ ሲለካው ነው።

መለኪያው ቀላል ነው። የማደያው መቅጃ በራሱ እስኪያቆም ነዳጁን ይሙሉና የጉዞ መቁጠሪያውን ዜሮ ያድርጉት። እንደወትሮዎ ይንዱ። ተመልሰው ሲሞሉ የተነዳውን ማይል አሁን በገባው ጋሎን ያካፍሉት፤ ሦስት አራት ጊዜ ደጋግመው አማካዩን ይያዙ። ከፋብሪካው የተለቀ ጎማ ካሰሩ ግን መቁጠሪያው ከሄዱበት ያነሰ ማይል ስለሚያሳይ በዚያው ልክ ማስተካከል ያስፈልጋል።

ከመግዛትዎ በፊት ደግሞ ሌላ ቁጥር ይቁጠሩ። ባለፈው ዓመት የቤት መኪና የማይችለውን ጭነት የጫኑት ስንት ቀን ነው? በሳምንት ሦስት አራት ቀን ከሆነ ፒክአፑ ነዳጁን በሥራው ይከፍላል። በዓመት ሦስት አራት ቀን ከሆነ ግን ለእነዚያ ቀናት ፒክአፕ ተከራይተው፣ በቀሩት ቀናት በትንሿ መኪና ቢነዱ ይሻልዎታል።