የክብር ፉርጎ፦ ይታደስ ወይስ እንዳለ ይጠበቅ?

የክብር ፉርጎ ለንጉሥና ለታላላቅ እንግዶች የተሠራ የባቡር ሠረገላ ነው። በተራው ፉርጎ የሚታየው ረድፍ ወንበር በእሱ ዘንድ የለም፤ በምትኩ መኝታ ቤት፣ የእንግዳ መቀበያና መመገቢያ ይኖረዋል። ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የተሠሩት የጅቡቲ–አዲስ አበባ ምድር ባቡር ፉርጎዎች ለገሃር ጣቢያ ተጠብቀው ቆይተዋል።

እነዚህ ፉርጎዎች የተሠሩለት ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የደረሰው ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። መስመሩ ተራራ ላይ ወዳለችው ሐረር ስላልወጣ የጅግጅጋ መንገደኛ በሐረር በኩል በመኪና ወርዶ ድሬዳዋ ይሳፈር ነበር። ደወሌ፣ አይሻ፣ አዲጋላ፣ ሽኒሌ፣ ኤረርና አፍደም ግን ራሳቸው ጣቢያ ነበራቸው፤ የዛሬው የሲቲ ዞን ብዙ ከተማ ሕይወቱ ከሐዲዱ ጋር የተሳሰረ ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ስደት ሲሄዱ ያለፉት በዚሁ መስመር ነበር።

ፉርጎውን ዘመናዊ አድርጎ እንደገና ለማስኬድ የሚያስብ ሰው በቅድሚያ የሚገጥመው የሐዲዱ ስፋት ነው። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ሲሆን፣ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ መስመር 1.435 ሜትር ነው። ስለዚህ ከነብረት ጎማው የታችኛው አካል በሙሉ መለወጥ አለበት፤ ፍሬኑና ማያያዣውም ከአዲሱ ባቡር ጋር እንዲገጥሙ ይቀየራሉ። የመንገደኛ ባቡሩ በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር እንዲሄድ በታቀደበት መስመር ላይ የአሮጌ ፉርጎ አካል ያን ፍጥነት መቻሉም መመርመር አለበት።

ውስጡ ሲታይ ነገሩ ይብሳል። የሲቲ ቆላ ሙቀት ኤሲ ያስመኛል፤ ኤሲ ለመትከል ግን ጣሪያው ይቀደዳል፣ የአየር ቱቦ የሚያልፍበት የእንጨት ልባስም ይነሣል። እንጨቱ አንዴ ከተነቀለ የቀድሞው አናጢ አጋጠሙን እንዴት እንደሠራው፣ ቀለሙን በስንት ድርብ እንደቀባው የሚያሳየው ምልክት አብሮ ይጠፋል። ኤሲው ከ20 ዓመት በኋላ ይጣላል፤ የተነቀለው እንጨት ግን አይመለስም።

በ1956 ዓ.ም. የወጣው የቬኒስ ቻርተር እድሳት ግምት በሚጀምርበት ቦታ መቆም እንዳለበት ይደነግጋል፤ የተተካው ክፍልም ከጥንቱ ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል። ቻርተሩ የተጻፈው ለሕንጻ ቢሆንም ለፉርጎም ይሠራል። በአገራችንም በቅርስነት በታወቀ ነገር ላይ የሚደረግ ጥገና በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ባለሥልጣኑን ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃል።

ስለዚህ የንጉሡ ፉርጎ እንዳለ መጠበቁ ይሻላል፤ ምትክ የለውምና። ብዙ አምሳያ የነበራቸው የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎዎች ግን የተለየ ውሳኔ ይችላሉ፦ አንዱ ሳይነካ ተቀምጦ ሌላው አዲስ ወንበርና መብራት ገብቶለት፣ አሮጌው ሐዲድ ደህና በሆነበት አጭር ርቀት ለጎብኚ ቢመላለስ ጉዳት የለውም።

እንዳለ መጠበቅ ማለት ግን ፉርጎውን ሜዳ ላይ ትቶ መሄድ አይደለም። ፀሐይ እንጨቱን አድርቆ ይሰነጥቀዋል፤ ዝናብ በመስኮት ጠርዝ ገብቶ ወለሉን ከሥር ያበሰብሳል፣ ከመታጠቢያ ቤቱ አጠገብ ያለውን ብረት ያዝጋል። ጥላና አየር ያለው መጠለያ ያስፈልገዋል፤ ስፕሪንጉ ለዓመታት በአንድ ክብደት ሥር እንዳይላላም አካሉ በድጋፍ ይያዛል። ብረቱ ከዝገት ጸድቶ መከላከያ ይቀባል፣ ጨርቁ ከብልና ከአቧራ ይጠበቃል፣ የተደረገው ጥገና ሁሉ ከፎቶግራፍ ጋር በመዝገብ ይያዛል።